ኩሬው የደረቀ ዕለት

ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «አረንጓዴ» ነው የሚላት። የምትጽፈው ዕቅድ አረንጓዴ፣ የምታቀርበው ሪፖርት አረንጓዴ፣ ወሬዋ ሁሉ ስለ አረንጓዴ ፋብሪካ። የማቅለሚያ ክፍሉ አለቃ አንዴ፣ «ይቺ ልጅ እጇን ብትቆረጥ የሚፈሳት ደም አረንጓዴ ነው» ብሎ አዳራሹን በሳቅ ገደለው። እኔ አልሳቅኩም። በአንድ ግድግዳ የምንኖር ጎረቤታሞች ነን፤ እሷ ስታስነጥስ ከወዲህ ሆኜ «ይማርሽ» የምል እኔ ነኝ። ደሟ ምን ዓይነት እንደሆነ አውቃለሁ።

እኔ ጨርቅ ፈታሽ ነኝ። ተቀልሞ ያለቀው ጨርቅ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ሲያልፍ ጉድፉን፣ ጠብታውን፣ የሳተውን ክር እለቅማለሁ። ዓይነ ክፉ ናት ይሉኛል። ይበሉ! የሚከፈለኝ ለዓይኔ ነው። አፌንም አይወዱትም፤ እሱን እንኳ በነጻ ነው የምሰጣቸው።

ልጅቷ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ናት። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ ጨርቅ ሲቀለም ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣውንም መልሶ ይተፋል። የእኛ ፋብሪካ ያንን የተተፋ ውሃ ዘመኑን ሁሉ ከኋላ ባለው ኩሬ ውስጥ ሲደፋ ነው የኖረው። ሰማያዊ የተቀለመ ዕለት ኩሬው ሰማያዊ፣ ቀይ የተቀለመ ዕለት ቀይ፣ እያደር ሁሉም ተደባልቆ ስም የሌለው ጥቁር። የውጭ ገዢዎች በመጨረሻ መረራቸው። «ውሃችሁን አጽዱ፣ አለዚያ ጨርቃችሁን ራሳችሁ ልበሱት» አሉ። ያኔ ነው እሷ ከሌላ ከተማ ተምራ፣ እዚያም ጥቂት ሠርታ የመጣችው። ዕቅዷ ሲጠቀለል ይኸው ነበር፦ የቆሸሸው ውሃ ተጣርቶ ወደ ማቅለሚያው ይመለሳል፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተፍታቶ እንደገና ክር ይሆናል፤ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ይተከላል፤ በመጨረሻም ኩሬው ይደርቅና ዝቃጩ ወጥቶ ጉድጓዱ በአፈር ይሞላል።

ሁሉም ሆነ። የመጨረሻው ብቻ አልሆን አለ።

ለምን እንዳልሆነ የቆየ ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። የልጅቷ ታላቅ ወንድም እዚያው ማቅለሚያ ክፍል ቀለም ቀያጭ ነበር። «ቀለሜ» ነበር የምንለው። በሌላው ዘንድ ቀለሜ የሚባለው ጎበዝ ተማሪ ነው፤ የእኛው ግን ትምህርትን ከሩቅ ሰላም ብሎ ያለፈ ሰው ነው። ስሙ የወጣለት ክንዱ እስከ ክርኑ ድረስ ቀለም የማይለየው ስለሆነ ነው። ተጫዋች ነበር፤ መጠጥ ላይ ደግሞ እጁን አይሰበስብም። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ገባ። ሲወጣ ያየው ሰው የለም። ኮፍያው ኩሬው ጠርዝ ላይ ተገኘ።

ፖሊስ መጣ። በረጅም እንጨት ኩሬውን ኮርኩረው ኮርኩረው፣ ዝቃጩ እንጨቱን እየዋጠው ሲያስቸግራቸው ሄዱ። በኋላ አንድ የአውቶቡስ ረዳት «ክንዱ ሰማያዊ የሆነ ሰው አሳፍሬያለሁ» አለ ተባለ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ነውና ነገሩ፣ ግማሹ ሠራተኛ ከረዳቱ ጋር፣ ግማሹ ከኮፍያው ጋር ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተለመደ። ማን እንደ ጀመረው አይታወቅም። የቆሸሸውን ውሃ የሚለቀው ሰው ቫልቩን ከመክፈቱ በፊት ወደ ኩሬው ዞሮ የሚመጣውን ቀለም ይናገራል። «ቀለሜ፣ ዛሬ ቡናማ ነው!» ወይም «ቀለሜ፣ ዓይንህን ጨፍን፣ ቢጫ ነው!» አዲስ ገቢ ሲስቅ፣ «ሳቅ፣ ሳቅ፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይሉታል። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው፦ ሳይነገረው በተለቀቀ ማግስት ጨርቁ ዝንጉርጉር ሆኖ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። አለቃው «ጨው በዝቶ ነው» ይላል። ጨው ነው እንግዲህ። ታዲያ አንተስ ለምን ስትለቅ ትናገራለህ ስለው ወደ ማሽኖቹ ዞሮ ይሄዳል። ልብስ መስቀያው ላይ የቀለሜ ሽርጥ እንደ ተሰቀለ ነው፤ እሱንም የሚነካ አልተገኘም።

እናታቸውን እኔ እማማ ነው የምላቸው። እማማ ቀለሜ ከጠፋ ወዲህ በራቸውን ቆልፈው አያውቁም። ምክንያቱን ሰፈሩ ያውቃል። ከመጥፋቱ በፊት በነበረው ማታ ጠጥቶ አምሽቶ ሲመጣ፣ እማማ በንዴት መቀርቀሪያውን ከውስጥ ጣሉበት። «ያመሸህበት እደር!» ሲሉ እኔም በግድግዳው ሰምቻለሁ። ልጅቷ ያኔ ትምህርት ላይ ነበረች። እና ያቺ መቀርቀሪያ ከዚያ ማታ በኋላ ተንቀሳቅሳ አታውቅም። ነፋስ በሩን ሲያንኳኳው «ግባ፣ ክፍት ነው» ይላሉ ከአልጋቸው። ይህን ስሰማ እንቅልፌ ድርግም ብሎ ይጠፋል።

ይህም ይሁን። የከፋው ዓይናቸው ነው። ሞራ ጋረዳቸው። ሐኪሙ «በቶሎ ከተሠራ ይድናል፣ ከዘገየ ግን በኋላው አልገባበትም» አለ። ሕክምናው ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ ጥቂት ቀን ማደር ያስፈልጋል። እማማ ደግሞ አንዲት ሌሊት ከቤት ውጭ አያድሩም።

«ቤቱን ዘግቼ ልሂድ? ልጄ ቢመጣስ?»

«እትዬ ጎን አለች፣ ትቀበለዋለች» ትላቸዋለች ልጅቷ። እትዬ የምትለው እኔን ነው።

«ያባረርኩት እኔ፣ የምትቀበለው እሷ? አይሆንም።»

ለመንን፣ ተቆጣን፣ አፈር ስሆን አልን። እኔማ አንድ ቀን ደሜ ፈልቶ፣ «ሲመጣ በምን ዓይንዎ ሊያዩት ነው?» አልኳቸው። «በእጄ አየዋለሁ» አሉኝ። ምን ይባላል?

በልጅቷ ቢሮ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለ። ሥራው ሁሉ በየካርዱ ተጽፎ በየሳምንቱ ተለጥፎበታል። ያለቀው ካርድ አረንጓዴ ነጥብ ይደረግለታል፣ የዘገየው ቀይ። «ኩሬውን ማድረቅ» የምትለዋ ካርድ ግን ሁልጊዜ ከአንዱ ሳምንት ወደሚቀጥለው ትሻገራለች። ሰበብ አይጠፋም። ፓምፑ አልደረሰም፤ ዝናቡ አላባራም፤ ዝቃጩን የሚወስደው መኪና ተበላሽቷል። እሷ ካርዷን ስታነሳ ሁሉም ወደ ጫማው ያያል። ወንድሟ እዚያ ካለ እማማን ገደለቻቸው፤ ከሌለም እማማ እስኪታወሩ ሊጠብቁት ነው። ይህን እያወቀ «ቶሎ አድርቂው» የሚል አንጀት ያለው ሰው ከየት ይመጣል?

መጣ። አዲስ ዋና ሥራ አስኪያጅ ተሾመልን፣ ጥሩ ሰው፣ ግን ለቦታው እንግዳ። በስብሰባ ላይ ካርዷን በጣቱ መታ መታ አደረጋትና፣ «ይቺ ደግሞ እግር አላት እንዴ? በየሳምንቱ ትራመዳለች!» አለ። የሳቀለት የለም። ግራ ገባው። «የገዢዎቹ ተቆጣጣሪ በቅርብ ይመጣል። ኩሬው ካለ ምስክር ወረቀት የለም፣ ምስክር ወረቀት ከሌለ ሥራ የለም። ችግሩ ምንድነው? ንገሪኝና ልርዳሽ።»

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ስለ ጥራት ጉዳይ ተጠርቼ ነበር የገባሁት፤ አፌ እያሳከከኝ ቀና አልኩ። እሷ ቀደመችኝ።

«ችግር የለም» አለች። «ይደርቃል።»

በምሳ ሰዓት ቢሮዋ ገባሁ። መስኮቷ ላይ የውሃ ናሙና የያዙ ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ በዚህ ጫፍ ከኩሬው የተቀዳው ጥቁር፣ እየተጣራ እየተጣራ ሄዶ በዚያ ጫፍ የሚጠጣ የሚመስል ንጹህ። ከንጹሁ ቀጥሎ ግን አንድ ለብቻው የቆመ፣ ዝገት የመሰለ ውሃ ያለው ብልቃጥ አየሁ። ከታቹ የሆነ ነገር ተኝቷል።

«ይሄስ ምንድነው?»

«የጨው ውሃ ነው። ጨው ብረትን ምን እንደሚያደርግ እያየሁ ነው» አለችና ብልቃጡን ወደ መጋረጃው ገፋ አደረገችው። ለቧንቧዎቹ ይሆናል ብዬ ተውኩት። የማውቀው ጨርቅ እንጂ ቧንቧ አይደለም።

«አንቺ ልጅ፣ እውነት ልታደርቂው ነው?»

ወንበሯ ላይ እንደ ተቀመጠች እጆቿን ጭኗ ላይ ጣለች። «እትዬ፣ ጠዋት ስነሳ በሕይወት ይኑር ብዬ እጸልያለሁ። ማታ ደግሞ እማዬ ‹ግባ› ስትል ስሰማ፣ እዚያ ይገኝ ብዬ እጸልያለሁ። እዚያ ቢገኝ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ዓይኗን ትሠራለች። ምን ዓይነት እህት ነኝ?»

«የደከመች» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት።

«ካልተገኘስ?» አልኳት ቆይቼ።

«ሁለተኛ ዕቅድ የሌለው ሰው ዕቅድ የለውም» አለችኝ። ይህ ሁልጊዜ በስብሰባ ላይ የምትለው ነገር ነው፤ አፏ የለመደው። እኔም እንደ ሁልጊዜው ቆጥሬ አለፍኩት።

ኩሬው መድረቅ ጀመረ። አዲሱ ማጣሪያ ሌት ተቀን እየጎተተ የዘመናቱን ውሃ ጠጣው። ውሃው ሲጎድል ዳርቻው ላይ የቀለም ድርድር ወጣ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፦ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ቡናማ፣ ከሥሩ ቀይ። አለቃው እያሳየ «ይሄ ያ ትልቁ የአንሶላ ትእዛዝ ነው፣ ይሄ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙ ነው» ይለናል። ድምፁ ግን ቀልድ አልነበረበትም። ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ያወራ ነበር። መሣሪያው ቆም ባለ ቁጥር ዝቃጩ ውስጥ አረፋ ይፈነዳል፤ ያኔ ሁላችንም በአንድ ላይ ዞር እንላለን። አንዷ ክር ፈታይ ጓደኛዬ በዚያ ሳምንት በኋላ በር መውጣት ትታ ዙሪያውን ትሄድ ነበር። ሳቅኩባት፤ ከዚያ እኔም ከእሷ ጋር ዞርኩ።

የመጨረሻው ዝቃጭ የሚወጣ ዕለት ሥራው ላይ የቀረ ሰው የለም። አለቃው ራሱ ማሽኖቹን አቁሞ ወጣ። ሠራተኞቹ በቦቲ ገብተው በአካፋ ያወጣሉ፣ በጆንያ ይሞላሉ። እሷ ጠርዙ ላይ ቆማለች፤ እጇ በካፖርቷ ኪስ። የተገኘው ይሄ ነው፦ ባልዲዎች፣ አንድ የብስክሌት ጎማ፣ የቁልፍ መፍቻ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ነጠላ ቦቲ። ቦቲውን ሲገለብጡት ሁላችንም ወደ ጠርዙ ተጠጋን። ጭቃ ብቻ ፈሰሰ። ከዚያ አካፋው ሲሚንቶ ነክቶ ተንኳኳ። አለቀ። ሰው የለም።

አንዷ «እሰይ! አለ ማለት ነው! በሕይወት አለ!» ብላ ጮኸች። ሰው ተቃቀፈ። አለቃው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ደስ አለኝ፤ እናቴ ትሙት ደስ አለኝ። ከዚያ ልጅቷን አየኋት። ፊቷ ገና ቀለም ያልነካው ጨርቅ መስሏል። ቀለሜን ውሃ አልወሰደውም። በእግሩ ነው የሄደው። ይህን ሁሉ ዓመት አንዲት ቃል ሳይልክ፣ እናቱ በር ከፍታ እያደረች፣ የሆነ ቦታ እጁን ታጥቦ ይኖራል።

ከዚያ ደረጃውን ወርዳ ገባች። ማንም አላስቆማት። ወደ አንዱ ጥግ ሄዳ ጎንበስ አለች፣ ዝቃጩን በእጇ ጫር ጫር አደረገች፣ ቀና ስትል መዳፏ ላይ ዝገት የበላው ቁልፍ ይዛለች።

«የቤታችን ነው» አለች። «የሱ ነው።»

የተቃቀፈው ሰው ተላቀቀ። ደስታው እንደ ሻማ እፍ ተባለ። ቁልፉ እዚህ ካለ፣ ባለ ቁልፉም በሆነ ጊዜ እዚህ ነበር፤ ለቀረው ደግሞ ዝቃጩ የማይበላው ነገር የለም። እንዲህ ነው ሁሉም ያሰበው። እኔ ግን ፈታሽ ነኝ። ስትወርድ ጀምሮ እጇን ነበር የማየው። ተጨብጦ ነው የገባው። በተጨበጠ እጅ ጭቃ የሚጭር ሰው አይቼ አላውቅም።

ወደ ቢሮዋ ቀድሜያት ሄድኩ። ከመጋረጃው ሥር ያ ብልቃጥ አለ፤ ባዶ ነው። ወይ ጉድ! ደሜ ፈላ። ስትገባ በሩን ዘጋሁና «አንቺ! የሰው ሞት ትፈበርኪያለሽ?» ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ቦቲዋን ልታወልቅ ትታገላለች፤ ጭቃው ይዞት አልወልቅ ብሏታል። ጎንበስ ብዬ ሳብኩላት።

«ጥሎን ነው የሄደው እትዬ» አለችኝ። «እማዬ ይህን ከምትሰማ ሞቷል ብትባል ይሻላታል። አይሻላትም?»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ሁለተኛውን ቦቲም ሳብኩላት።

አመሻሹ ላይ አብሬያት ገባሁ፤ ለብቻዋ አትችለውም ብዬ። እማማ ወንበራቸው ላይ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ሁልጊዜ እንደሚቀመጡት። ልጅቷ እግራቸው ሥር ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻቸው። ኩሬው መድረቁን፣ ቁልፉ መገኘቱን። ከዚያ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

እማማ ረጅም ጊዜ ዳሰሱት። በአውራ ጣታቸው ጥርሶቹን አንድ በአንድ ነኩ። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። እኔ ጩኸት እጠብቃለሁ።

«ውሃው ቀዝቃዛ ነበር?» አሉ።

«አላውቅም እማዬ።»

«ቀዝቃዛ ነው የሚሆን» አሉ። የልጅቷን ራስ ደጋግመው ዳሰሱት። ከዚያ ተነስተው ግድግዳውን እየተመረኮዙ ወደ በሩ ሄዱ። መቀርቀሪያዋ ከመቆየቷ ብዛት አልላወስ ብላ ነበር፤ በሁለት እጃቸው ገፏት። ተፋጨች፣ ተንቋቋች፣ ገባች። «ሐኪም ቤቱ መቼ ነው የሚቀበለን?» አሉ። ልጅቷ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ወለሉ ላይ ተደፍታ፣ ከእናቷ ይልቅ።

ተቆጣጣሪው የሚመጣበት ሳምንት ስለነበር ከእማማ ጋር የሄድኩት እኔ ነኝ። በሕክምናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው «ዓይናማዋ፣ ነይ እስቲ» አሉኝ። በጨርቅ ፈታሽነቴ ነው እንዲህ የሚሉኝ። የሻሻቸውን ጫፍ ሰጡኝ፤ ድፍን ቋጠሮ አለበት። «ፍቺልኝ፤ ነገ ልብሴን ያስወልቁኛል፣ በማንም እጅ እንዲገባ አልፈልግም።»

ፈታሁት። ቁልፍ ነው። ራሱ ላይ ቀይ የጨርቅ ቅዳጅ ታስሮበታል። ያንን ቀይ ማወቅ አያቅተኝም፤ ቀለሜ በራሱ እጅ ይቀይጠው የነበረ፣ ከእሱ በኋላ ማንም ደግሞ ያልገጠመለት ቀይ ነው።

«ይሄ የልጄ ነው» አሉ። «ያን ማታ መቀርቀሪያውን ስጥልበት በመስኮት ወረወረልኝ። ‹ቁልፍሽን ያዢ፣ ሁለተኛ ቤትሽን አልረግጥም› አለኝ። ለእህቱ አልነገርኳትም። በምን አፌ?»

አፌ ተከፍቶ ቀረ። እኔ! አፌ አርፎ የማያውቀው ሴትዮ!

«ታዲያ ያ ከኩሬው…»

«ልጄ ቁልፍ አልነበረውም። ከሌለው ኪስ ቁልፍ እንዴት ይወድቃል? የእሷ ነው። ኩሬው ከመድረቁ በፊት ‹ቁልፌ ጠፋብኝ› ብላኝ ነበር።»

«አውቀው ነው ዝም ያሉት?»

«እሷ ለዓይኔ ብላ ዋሸች፤ እኔም ለእሷ ብዬ አመንኩላት።» ቁልፉን ከእጄ ወስደው ደረታቸው ላይ ያዙት። «በር የምጠብቀው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ እሷንም ከእኔ ጋር አስሬያታለሁ። ሌላ ከተማ ሥራ ሲሰጧት እምቢ አለች፤ የሚፈልጋት ሰው ነበር፣ ሰለቸውና ሄደ። እኔ ከቆለፍኩ እሷ ትፈታለች አልኩ። ትሂድ፣ ትኑር። አንቺም አፍሽን ያዢልኝ፤ ሆድ ይፍጀው።»

ሆድ ፈጀው። እዚህ ስናገር ነው የወጣው፣ እሱም እማማን ከማያውቅ ሰው ፊት።

ዓይናቸው ዳነ። መሸፈኛው ሲነሳ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። «እንዲህ አርጅተሻል እንዴ!» አሉኝ። ስቄ አለቀስኩ።

ፋብሪካው ምስክር ወረቀቱን አገኘ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በመስተዋት አስገብቶ መግቢያው ላይ ሰቀለው። ኩሬው ተሞልቶ ሣር ወጣበት፤ እንግዳ ሲመጣ እዚያ ላይ ፎቶ ይነሳል። ሰሌዳው ላይ ያቺ ካርድ አረንጓዴ ነጥብ ተደርጎላታል። ቫልቩ አሁን የሚለቀው ወደ ማጣሪያው ነው። ልማድ ክፉ ነውና ግን ሠራተኛው ከመክፈቱ በፊት አሁንም ወደ ሣሩ ዞሮ «ቀለሜ፣ ዛሬ ሰማያዊ ነው!» ይላል። አንድ ቀን አለቃው አጠገቤ ቆሞ፣ «ድሮ ውሃው ሄዶ ይቀር ነበር። አሁን ዞሮ ይመለሳል» አለ። ከዚያ ቶሎ ብሎ ስለ ሌላ ነገር አወራ።

ልጅቷን «አሁንስ አትሄጂም? እማማ ድነዋል» እላታለሁ። «እስቲ ይሄ ፕሮጀክት ይለቅ» ትላለች። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ትጀምራለች። ቀለምን ከቅጠል ማውጣት፣ ጨውን ከውሃ መለየት። ሰሌዳው ሞልቶ አያውቅም፣ ባዶም ሆኖ አያውቅም።

እና በቅርቡ አንድ ጠዋት፣ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ለእማማ ላካፍላቸው ብዬ በራቸውን ላንኳኳ እጄን አነሳሁ። ገና ሳልነካው ተከፈተ። መቀርቀሪያዋ አልገባችም። እማማ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ ልጅቷ ቀደም ብላ ወደ ሥራ ወጥታለች።

«እማማ፣ መቆለፍ ረሱ እንዴ?» አልኳቸው።

«አልረሳሁም። ማታ በገዛ እጄ ቆልፌ ነው የምተኛው።» ሻዩን አስቀመጡ። «ሌሊት ስነቃ ክፍት ነው። በየቀኑ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ወደ ልጅቷ አልጋ አየሁ። ቦታውን ቀይራለች። ድሮ በመስኮቱ በኩል ነበር፤ አሁን ትራሷ ወደ በሩ ዞሯል።

«ይንገሯት እማማ» አልኩ። «ቁልፉን ያሳዩዋት፤ በቃ ተነጋገሩ!»

«ምን ብዬ? ወንድምሽ በሕይወት አለ፣ ግን የተጣላው ከእኔ ነው ብዬ?» በዳኑት ዓይኖቻቸው በሩን አዩት። «እሷ እኔ የተኛሁ ይመስላታል። እኔም እሷ ተኝታለች ብዬ ያመንኩ አስመስላለሁ።»

ዳቦውን አስቀምጬ ስወጣ በሩን ልዘጋላቸው እጀታውን ያዝኩ፤ ብርድ ነበር።

«ተይው» አሉኝ ከኋላዬ። «ገርበብ አድርጊው።»

ገርበብ አድርጌው ወጣሁ።